ከስልኬ ያልወጡ ሙታን

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ እዚሁ ለንደን ነው። ስለዚህ የጻፍኩትን መሰረዝ አልወድም። ሞኝነት በሉት።

ሥራዬ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። ድርጅቱ የሰጠን ስልክ ላይ አፕ አለ። ስደርስ «ገባሁ»፣ ስጨርስ «ወጣሁ» እላለሁ፤ መሀል ላይ ያየሁትን እጽፋለሁ። ኔትዎርክ በሌለበት ሕንፃም እንዲሠራ ተብሎ፣ አፑ የሰዎቼን ሁሉ መዝገብ ከነፎቶው በአንዴ ሜሞሪው ላይ ይጭናል። አሮጌውን ግን በራሱ አያራግፍም። «የጨረስከውን ሰው ከዝርዝርህ አስወጣ» ተብለናል። ይህን የሠራው ሰው ሽማግሌ አጥቦ አያውቅም።

የጨረስኩት ሰው ማለት የሞተ ሰው ነው። እኔ ደግሞ አርባው ሳይወጣ የሰው ስም አልፍቅም። አርባው ሲያልፍ ሙት ዓመቱ ይድረስ እላለሁ። ፈረንጅም ቢሆን በእጄ ያጠብኩት ሰው ነው። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ሙታን ኪሴ ይዤ እዞር ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሆሎዌይ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ አንዲት ያገሬ አሮጊት ቤት ገባሁ። እግራቸው ከማክሰኞው ብሶ አብጧል። ሐኪም ለምን እንዳልመጣ ልጠይቅ ቢሮ ደወልኩ። አስተባባሪዋ እዚህ ያደገች የኛው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ስለ እግራቸው ሪፖርት አላደረጉም እኮ። ማናጀሯ ማክሰኞ ጭራሽ አልሄደም እያለች ነው።»

«ጽፌያለሁ! ይኸው እያየሁት ነው። አልተላከም ይላል።»

«ኦኬ፣ ሜሞሪው ሞልቶ ነው። ፕሊዝ፣ ስልኩን እንዳያጠፉት! ያልተላከው እዚያ ብቻ ነው ያለው፤ ካጠፉት ይጠፋል። ያለቁትን ሰዎች ሪሙቭ ያድርጉ።»

«ወጣሁ» የሚለውን ብጫን አልቀበል አለ። ሳልመዘገብ ብሄድ ሐሙስም አልመጣም ሊሉኝ፣ ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው። ብቆይ ካምደን ያለው ሰውዬ አልጋው ላይ ሽንቱን ይዞ ይጠብቀኛል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። «ምን ታፈጣለህ?»

«ሙታን ላጠፋ ነው፣ እማማ።»

«ሁለቴ ሊሞቱ? እኔንስ ስንት ቀን ታቆየኛለህ?»

«እርስዎን ሞትም አይደፍርዎ።»

«አፍህን ዝጋና አጥፋ። እግሬ እየጠዘጠዘኝ ነው።»

ዝርዝሩ እየተንፏቀቀ ተከፈተልኝ። የመጀመሪያው የድሮ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሁልጊዜ የግራ ካልሲው እንዲቀድም ይፈልግ ነበር። ቀጥሎ ልጇ ሳይጠይቃት የሞተች ሴትዮ፤ የጀርባዋ ቁስል ፎቶ እስከ ዛሬ አለ። የእያንዳንዳቸውን የመጨረሻ ማስታወሻ ፊደል እየቆጠርኩ አነባለሁ። «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል። አዎ እላለሁ። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ የሁለቱ አርባ ገና አልወጣም።

ሰባተኛው ሲወጣ የማክሰኞው ማስታወሻ ተላከ። ልጅቷ ወዲያው ደወለች።

«ገብቷል ጋሼ! የማክሰኞ ሰዓት አለው። እንደሄዱ ፕሩፍ ነው፣ አይስጉ።»

«ሐኪሙስ?»

«አሁን ሪፈር አደርጋለሁ። ነገ ይደውሉላቸዋል።»

ነገርኳቸው። «ነገ» አሉ አሮጊቷ፣ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ትራስ ላይ እያስቀመጡ። ለቢሮው የሚሆን አንድ ስድብ ጨመሩ።

ማስታወሻው ማክሰኞውኑ ቢደርስ ኖሮ ሐኪሙ እስካሁን አይቷቸው ነበር። ያገትኩት እኔ ነኝ። ይህን አልነገርኳቸውም። «ወጣሁ» የሚለውን ስጫን አሁን ተቀበለኝ፤ ጃኬቴን ለበስኩና ወደ ካምደን ሮጥኩ።