አንጮቴ የነካው ፋሻ

ድርቤ በነቀምት፣ ከባኬ ጃማ በታች ባለችው ክሊኒክ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ፋሻ አጥባለች። በሽተኞቹን በስም አታውቃቸውም፤ የምታውቀው ፋሻቸውን ነው። ገና ከውሃው ሳታወጣው፣ “ይሄ ከበቅሎ የወደቀው ሰውዬ ነው፤ ደሙ ቀርቷል፤ ሰኞ ሥራ ይገባል” ትለኛለች። ሰውዬው እውነትም ሰኞ ሥራ ሲገባ አየዋለሁ።

ከአርጆ የመጣችው ባሏ የሞተ ዓመት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ነበረች። እጆቿ ከሳሙናና ከፍል ውሃ ብዛት ሁልጊዜ የተላጡ ናቸው። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ስለሆነ በእኔ ቤት የሚሆነው ሁሉ ይሰማታል፤ የእሷ ግን ዝም ያለ ቤት ነበር።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ልጄ ሎሚ የፈላ ውሃ ተደፋባት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ቃጠሎው ከቀኝ ጉልበቷ በስተኋላ ጀምሮ እስከ ባቷ ወረደ። ተሸክሜያት ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ድሬሰሩ መገርሳ አጥቦ፣ ቀብቶ በጥጥ ፋሻ አሰረላትና ለብቻዬ ጠራኝ።

“ሃዳ ሎሚ፣” አለኝ፤ የሎሚ እናት ማለቱ ነው፣ በአገራችን በልጅ ስም መጠራት ክብር ነው። “ቁስሉ መታጠፊያው ላይ ነው። በየሦስት ቀኑ እየቀየርን እግሯን ዘርግታ ካልዳነች፣ ቆዳው ተኮማትሮ እንደታጠፈ ይቀራል።”

መቀየሩ ነበር ጭንቁ። ጥጡ የቁስሉን ውሃ ጠጥቶ ይደርቅና ከሥጋዋ ጋር አንድ ይሆናል። መገርሳ ውሃ እያፈሰሰ ቢያባብለውም ሲላጥ አዲሱን ቆዳ ይዞት ይነሣል። ሦስት ቀን የዳነው በአንድ አፍታ ይደማል። እኔና ሌሎች ሦስት ሴቶች እንይዛታለን፤ ጩኸቷ እስከ ገበያው ይሰማል። ከዚያ በኋላ ሕመሙን ፈርታ እግሯን አጥፋ ታቅፈዋለች፤ ዘርጊ ብላት አትሰማኝም።

በአራተኛው ጊዜ ከጓሮ ቡናው ውስጥ ተደብቃ አገኘኋት።

“አዮ፣ ታጥፎ ይቅር!” አለችኝ። “አንካሳ ልሁን! አልሄድም!”

ያን ቀን አልወሰድኳትም። አቅፌያት አብረን አለቀስን። ከአጥሩ ማዶ ድርቤ ልብስ ስታሰጣ ነበር፤ እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች።

አሁን ስለ መገርሳ ጋዋን ልናገር። መገርሳ ደግ ሰው ነው፤ ጋዋኑ ካልተገተረ ግን ሐኪም የሆነ አይመስለውም። ድርቤ ጋዋኑን ስታርች የምታደርገው ከገብረመስቀል ሱቅ በሚመጣ ዱቄት ነበር። ያን ክረምት የሱቅ ዕቃ የሚመጣበት የአኖ መንገድ በጭቃ ተዘግቶ ዱቄቱ ጠፋ። ድርቤም በአርጆ ያየችውን አደረገች፤ አንጮቴ ፍቃ፣ በውሃ ጨምቃ፣ ነጩን አዝቅጣ አደረቀችና በፈላ ውሃ አቀጠነችው። አጥንቱ የተሰበረና የወለደች ሴት የሚበሉትን ሥር ለጋዋን አዋለችው ብለን ሳቅንባት።

ሳፋዎቿ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ። አንደኛው ለፋሻ፣ አንደኛው ለጋዋን። ፊደል አታውቅም ነበርና የምትለያቸው የጋዋኑ ሳፋ ከንፈሩ ስለተላጠ ነው። በዚያ ሳምንት ዘበኛው ታፋ የፋሻውን ሳፋ ድንጋይ ላይ ጥሎት እሱም ተላጠ፤ ፈርቶም ዝም አለ። ድርቤ ሳፋው ተምታቶባት የተቀቀለውን ፋሻ ሁሉ ስታርቹ ውስጥ ነከረችው። ያወቀችው ከሰል ዳር ሰቅላው ሲገተር ነው። ሌላ ፋሻ ግን አልነበረም።

ማግስቱን ሎሚን አታልዬ አመጣኋት። መገርሳ ፋሻውን አነሣና፣

“ድርቤ! ይሄ ፋሻ ነው ወይስ ቁርበት?”

“ብርዱ ነው፣ ኦቦ መገርሳ። ብርዱ አደረቀው።”

“ብርድ ደግሞ መቼ ነው ማድረቅ የጀመረው?” አለና በእጁ አሽቶ አለሳልሶ አሰረላት። ምን ያድርግ?

ከሦስት ቀን በኋላ አራታችን ያዝናት። ሎሚ ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነከሰች። መገርሳ ለብ ያለ ውሃ አፈሰሰ፤ ትንሽ ቆየ፤ ጫፉን ሳብ አደረገ። ፋሻው ተንሸራቶ ወጣ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀይ፣ ለስላሳ ነው፤ ደም የለም።

ሎሚ አንድ ዓይኗን ገለጠች። “ተጀመረ?”

“አልቋል” አላት መገርሳ። ፋሻውን በጣቶቹ መሃል አሻሸው። “ይሄ የሚያሙለጨልጨው ምንድን ነው?”

ድርቤ በሩ ላይ ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር። “ጥፋቱ የእኔ ነው። የጋዋንዎ አንጮቴ ነው፤ ሳፋ ተሳስቼ። ብርድ ያልኩት ውሸት ነው። ከሥራዬ አያስወጡኝ።”

መገርሳ ፋሻውን አየ፤ ጋዋኑን አየ። “ታዲያ ልጅቷ የኔን ጋዋን ለብሳ ነው የዳነችው በይኛ!”

እሷ አልሳቀችም። ሎሚ እግሯን ቀስ እያለች ስትዘረጋ ነበር የምታየው።

ደስታችን ግን ሳምንት አልሞላም። በየወሩ የሚመጣው ዶክተር ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። “ምግብ ቁስል ላይ? ለተዋሲያን ድግስ ደግሳችሁላቸዋል! ንጽሕናው እንደሌላው ፋሻ ካልሆነ እንዳይነካት” አለ። ድርቤ የተቀባውን ፋሻ ብትቀቅለው አንጮቴው ሟምቶ ድስቱ ውስጥ ሾርባ ሆነ። ዶክተሩ የሚሄደው ዓርብ ነው፤ የሎሚ ፋሻ የሚቀየረው ቅዳሜ። ባዶው ጥጥ ከተመለሰ ልጄም ወደ ቡናው ሥር ትመለሳለች።

ድርቤ ሦስት ቀን ቤቴ አልመጣችም። በአጥሩ በኩል የከሰል ካውያ ሽታ ብቻ ይመጣል፤ በፈላ ውሃ ያልሆነውን በካውያ ግለት ልታነጻው ነበር። መጀመሪያ ፋሻውን አሳረረችው። ቀጥሎ የተተኮሰው ሲታጠፍ እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ቀን፣

“ሃዳ ሎሚ፣ ተልባ አለሽ?” አለችኝ።

ተልባውን አፍልታ፣ አጥልላ፣ የሚዝለገለገውን ውሃውን ከአንጮቴው ጋር ረጅም ጊዜ አብስላ፣ በተቀቀለው ፋሻ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ቀባችው፤ ቁስሉን በሚነካው በኩል። ሌላው ወገን ባዶ ጥጥ ሆኖ ውሃውን ይጠጣል። በንጹሕ ጨርቅ መሃል አድርቃ በጋለ ካውያ ደጋግማ ተኮሰችው። የወጣው እንደ ስስ ወረቀት፣ ግን የሚተጣጠፍ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ዶክተሩ ፊት ተኮሰች። እሱ ሊነካው ሲል ጣቱን አቃጠለውና “ኦ!” ብሎ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ሳቀ።

“ይህን የሚችል ተዋሲ ካለ እኔም እፈራዋለሁ” አለ። “ግን ቁስሉ ከሸተተ በዚያው ቀን ይቁም። መገርሳ፣ በየጊዜው እየጻፍክ ያዝ።”

አልሸተተም። ፋሻው ተተኩሶ፣ በተቀቀለ ቆርቆሮ ታሽጎ ይቀመጣል። መገርሳ ለድርቤ ሦስተኛ ሳፋ ገዝቶ ከንፈሩን ራሱ ቀይ ቀባላት። የገብረመስቀል ስታርች በመጣ ጊዜ እንኳ አንጮቴውን አልተወችም። ሁሉም ቁስል በዚያ አልዳነም፤ መግል የያዘው ላይ መገርሳም አያደርገውም ነበር። ለቃጠሎ ግን ከአኖ ድረስ ይመጡ ጀመር።

መስከረም ሲጠባ፣ የመጨረሻው ፋሻ የሚፈታ ዕለት፣ ሎሚ ጥላኝ ሄደች። ስደርስ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሁለት እግሮቿን ዘርግታለች። ድርቤ ከፊቷ ተንበርክካ ተረከዟን ከተረከዟ ታስተያያለች።

“እኩል ናቸው፣ አዴ ድርቤ?”

ድርቤ እንደገና አስተያየች። በተላጠ አውራ ጣቷ ጉልበቷን ከኋላ ዳሰሰች፤ ጠባሳው አለ፣ ቆዳው ግን ይለጠጣል።

“እኩል ናቸው” አለች። “ተነሺ አሁን። አግዳሚውን ለሌላ ሰው ልቀቂ።”

ሎሚ ተነሣችና ወደ ቤት ሮጠች። እኔ ግን አልተከተልኳትም፤ ከድርቤ ጋር ቀረሁና ፋሻ አሰጣሁላት።