በእርሱ ቁመት የተበየደው መቆሚያ

የምትኖረው በድምፅዋ ነበር። በአውቶቡስ መናኸሪያው ፎቅ ላይ፣ አንድ መስኮትና አንድ ማይክሮፎን ባለው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሣ፣ የማን ልጅ እንደጠፋ፣ የማን ቦርሳ እንደተገኘ ትናገር ነበር። ድምፅዋ ወፈር ያለና የረጋ ስለነበረ፣ ለጉዞ የተጣደፈ ሰው ሲሰማት እርምጃውን ቀዝቀዝ ያደርግ ነበር። ሾፌሮቹ «እትዬ ማይክ» ይሏታል። ሊያበሽቃት የፈለገ ከታች አንጋጦ፣ «እትዬ ማይክ፣ እስቲ እኔንም ጥሪኝ፤ ሚስቴ ጠፍተሃል ብላኛለች» ይላታል። እርሷም ፈገግ ሳትል፣ ስሙንና የሸሚዙን ቀለም ጠቅሳ፣ ያገኘው ሰው ለባለቤቱ እንዲያስረክብ በዚያው የረጋ ድምፅ ታውጃለች።

ይህን ድምፅ ሦስት ሰዎች አጠፉት። ሦስቱም ይወዷት ነበር፤ መውደዳቸው ግን ጥፋታቸውን አያቀልለውም።

ሦስቱ የአንድ የሮክ ባንድ አባላት ነበሩ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ታላቅ ወንድሟ ሲሆን፣ በማተሚያ ቤት ወረቀት ይቆርጣል። ድራም የሚመታው ብረት በያጅ ነው፤ ልምምዱም የሚካሄደው በእርሱ ብየዳ ቤት፣ ቀለም ባልነካቸው የበርና የመስኮት ፍሬሞች መካከል ነበር። ጊታሪስቱ የሙዚቃ መምህር ነው። ይህን ሰው አንባቢ ልብ ይበለው፤ ሕፃናትን «ጉሮሯችሁን አታስጨንቁ፣ አንገታችሁን አታንጋጡ» እያለ በነጋ በጠባ የሚቆጣ፣ ለዚህም ቁጣው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነበር።

ዘፈኖቹን ሁሉ የደረሰውና ይዘፍን የነበረው አራተኛው ሰው ነው፤ «ደራሲው» ይሉታል። ቁመተ ሎጋ፣ ድምፀ ቀጭን ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ፣ ከእንግዲህ ብቻውን መሥራት እንደሚሻ፣ ለጊዜው እንደሆነ፣ እንዳይቀየሙትም ነገራቸው። አልተቀየሙትም። ከንግግሩ ሁሉ «ለጊዜው» ያላትን ብቻ ለይተው ያዙ፤ ተመልሶ እንደሚመጣም በልባቸው ቆረጡ።

ባንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚጫወትበት አዳራሽ ነበረውና ዘፋኝ አስፈለገው። ወንድሟ ለመናት። እሺ ያለችው ለእርሱ ብላ ነው፤ ለራሷም ብላ ነው። በዚያ ማይክሮፎን ዕድሜዋን ሙሉ ስለ አውቶቡስ ስትናገር ኖራለች፤ ስለ ሌላ ነገር በማይክሮፎን መናገር አማራት።

የመጀመሪያው በደል ብረት ነበረ። የማይክ መቆሚያው ማጥበቂያ አርጅቶ ይንሸራተት ስለነበር፣ በያጁ ገና ደራሲው ሳይሄድ በእርሱ ቁመት ልክ በይዶ አድርቆት ነበር። አዲሷ ዘፋኝ ከደራሲው ትከሻ አትበልጥም። ማይኩ ግንባሯ ጋ ይደርሳል፤ እርሷም አገጯን ሽቅብ ሰቅላ፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ ትዘፍናለች። ቆርጠህ አሳጥርልኝ አለችው። በያጁ ዕቃው የደራሲው እንጂ የራሱ እንዳልሆነ፣ ባለቤቱ ሲመጣ መልሶ መቀጠሉ መልኩን እንደሚያበላሸው አስረዳት። በአገሩ ሁሉ በር እየቆረጠ የሚቀጥል ሰው ነው ይህን ያለው። የሳንቃ ሣጥን አምጥታ ስትቆምበት ደግሞ መምህሩ ሣጥኑ ሲረገጥ ይጮኻል ብሎ አስወረዳት።

ሁለተኛው በደል ከዚህ ይከፋል። ደራሲው ዘፈኖቹን የሠራው በራሱ ቀጭን ጉሮሮ ልክ፣ በከፍተኛ ቶን ነው። እርሷ በዚያው ቶን ዝቅ ብላ ስትዘፍን ድምፅዋ ከጊታሩ ሥር ይቀበራል፤ ከፍ ስትል ደግሞ ጩኸት ይሆናል። መፍትሔው በሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ቶኑን ዝቅ አድርጎ እጅን በጊታሩ አንገት ላይ ጥቂት ማንሸራተት። ይህንም ጠየቀች። ወንድሟ ጫማውን አየ። በያጁ መምህሩን አየ።

«እህቴ፣ ዘፈኑ የሱ ነው» አላት መምህሩ። «ነገ ተመልሶ ሲመጣ፣ ልጄን ሰጥቻችሁ እግሩን ቆርጣችሁ ጠበቃችሁኝ ቢለን መልሳችን ምንድን ነው?»

«እስኪመጣ ድረስስ እኔ ምን ልሁን?»

«እስኪመጣ ቻይው።»

ቻለችው። በመካከሉ አንድ የራሷን ዘፈን ይዛ መጥታ ነበር፤ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ በር ላይ ቆሞ ስለሚቀር ሸኚ የሚያወራ፣ ዝግ ያለ፣ በድምፅዋ ልክ የተሰፋ። ከደራሲው መሄድ ወዲህ ወደዚያ ብየዳ ቤት የገባ ብቸኛው አዲስ ዘፈን እርሱ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጧት። በያጁ ዐይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር ወንድሟ ኋላ መስክሯል። ከዚያም ጥሩ ነው፣ ግን የእኛን ባንድ አይመስልም ተባለና፣ ወደ ደራሲው ዘፈኖች ተመለሱ። ስለዚያ ዘፈን ዳግመኛ ያነሣ የለም።

ክረምቱ ሲገባ ድምፅዋ ይሻክር ጀመር። በመጀመሪያ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነበር፤ ኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሆነ። መንገደኞች በሩን እየሳቱ አውቶቡስ ያመልጣቸው ስለነበር፣ የመናኸሪያው አለቃ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ማይክሮፎኑ ነው የተበላሸው ወይስ አንቺ?» አሏት፤ ቀልድም ተግሣጽም ነበር። የጉሮሮ ሐኪሙ ግን አልቀለደም። የድምፅ አውታሮቿ መቁሰላቸውን በምስሉ አሳይቶ፣ ከመዝፈን ፈጽማ እንድትታቀብ፣ በሥራም ቢሆን ለጥቂት ሳምንታት ዝም እንድትል አዘዛት። ትእዛዙን ለወንድሟ በዚያው ዕለት ነገረችው። ስለዚህ አላወቅንም ነበር የሚለው መከላከያ ለሦስቱም አይሠራም፤ ወንድሟ በማግሥቱ ለሁለቱ ነግሯቸዋል።

በዚያው ሳምንት ግን ደራሲው አዳራሹ ሊመጣ ይችላል የሚል ወሬ ተሰማ። ማን እንዳወራው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወንድሟ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጦ፣ እንዲህ ባዶ እጃችንን እንዳያገኘን፣ ይቺን አንዷን ቅዳሜ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ አፍሽን እንኳ እንድትከፍቺ አልለምንሽም ብሎ ለመናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እርሱ ነው። እምቢ እንደማትለው እያወቀ የለመነ ሰው ደግሞ ለመነ አይባልም።

ዘፈነች። ሕዝቡ ሁልጊዜ የሚጠይቀውና «ረጅሙ» የሚሉት ዘፈን ከፍ ብሎ ከሚወጣበት ጫፍ ሲደርስ፣ አንገቷን ወደዚያ ብረት ሰቅላ ያወጣችው ድምፅ መሐል ላይ ተቀደደ። ሕዝቡ ከስሜት ብዛት መሰለው። ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ወንድሟም ጭብጨባውን ሲሰማ ቤዙን ጠበቅ አድርጎ መታ። እርሷ የቀረውን ግጥም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጨረሰች። ደራሲው አልመጣም።

ጉሮሮዋ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ በኋላ የቀራት ሹክሹክታ ነው። መናኸሪያው አላባረራትም፤ ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰጥቶ እርሷን ወደ ዕቃ ማስቀመጫ አወረዳት። እዚያ ሻንጣ ተቀብሎ ቁጥር መስጠት እንጂ መናገር አያስፈልግም። ሾፌሮቹ ሲያልፉ እጃቸውን ያነሡላታል። «እትዬ ማይክ» የሚላት ግን የለም፤ ሾፌሮቹ ነውሩን ለይተው ያውቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስቱ በብየዳ ቤቱ ዕቃ ሲያሰናዱ፣ የበያጁ ሬዲዮ የደራሲውን አዲስ ሥራ አሰማ። «ረጅሙ» ነበር፤ ያው ዜማ፣ ያው ግጥም፣ አዳዲስ ተጫዋቾች። መምህሩ ጊታሩን አንሥቶ ድምፁን ፈለገው። በጣም ዝቅ ብሏል። ጋዜጠኛው ለውጡን አስተውሎ ምክንያቱን ጠየቀው፤ ደራሲውም ሳቀ።

«ድሮማ ልጅነት ነው፣ ጉሮሮዬን ስጨርስ ነበር» አለ። «ዘፈን ሰውን ይመስላል እንጂ ሰው ዘፈን ለመምሰል ምን በወጣው?»

መምህሩ፣ ዝቅ ሲል እንደሚያምር ተናገረ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ቶኑን አወረዱት። ሴቲቱ አንገቷ እስኪገተር የለመነችው ነገር፣ ሰውየው በሬዲዮ ስለሳቀ በአንድ ልምምድ ተፈጸመ። ሥራው ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ወንድሟ በማግሥቱ ዕቃ ማስቀመጫው ድረስ ሄዶ፣ መደርደሪያው ላይ ተደግፎ ነገራት። መልሷ ሹክሹክታ ብቻ ስለሆነ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ።

«አወረድነው» አላት። «አሁን ይመችሻል፣ ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ።»

«ማን አውርዱት አላችሁ?»

«እሱ አውርዶት ሰማን።»

የአንድ ሰው ሻንጣ ተቀብላ ቁጥሩን ሰጠች። ከዚያ እንደገና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«እኔም እኮ ብዬህ ነበር፣ ወንድምዓለም» አለችው። «ያኔ ድምፅ ነበረኝ።»

እንዳትቀየመው ለመናት። እንዳልተቀየመችው፣ ነገር ግን ዳግመኛ ስለ ባንዱ እንዳያነሣባት፣ አሁንም ሰው እየጠበቃት ስለሆነ መንገድ እንዲለቅ ነገረችው። ለቀቀ።

ባንዱ ዛሬም አለ። የሚዘፍነው ወንድሟ ነው፤ የወረደው ቶን ለጉሮሮው ተስማምቶታል፤ ሕዝቡም ከድሮው ይልቅ አሁን ዘፈኑ ከልብ ይወጣል ይላል። ቅዳሜ በመናኸሪያው የገበያ ቀን ያህል ሰው ይበዛል፤ እርሷም ከሰዓት በኋላ ተረኛ ናት። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ሻንጣቸውን እየተቀበሉ፣ አውቶቡሳቸው ከየትኛው በር እንደሚነሣ ጠየቋት። ነገረቻቸው። «ምን አልሽኝ፣ ልጄ?» አሉ። ደግማ ነገረቻቸው። እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ተቁነጠነጠ።

ከመደርደሪያው ወጣች፤ ሻንጣውን በአንድ እጇ፣ ሽማግሌውን በሌላው ይዛ እስከ በሩ ወሰደቻቸው።