የቀመር የዘር ቋጠሮ

ቀመር የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት። ያወቅኋት ዐረብ አገር፣ ደማም፣ አል ነኺል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ስትሠራ ነው። እኔ የምኖረው ኹበር አሽ-ሸማሊያ ነው። ባለቤቴ መሐመድሰዒድ ከወደቡ ዕቃ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ስለሚነዳ፣ ጁምዐ ጁምዐ ወደ ደማም ሲያልፍ እሷ በር ላይ ያወርደኛል። ማዳሟም ክፉ አልነበረችም፤ ትቀበለኝ ነበር።

ያንን ጣሪያ ብታዩት! ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሸራ ወጥራ፣ የእርጎ ባልዲና የዘይት ቆርቆሮ ደርድራ፣ ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ድንብላሉን፣ ጤና አዳሙን አብቅላለች። የምታጠጣው ኤሲው የሚያንጠባጥበውን ውሃ በጀሪካን እያጠራቀመች ነው። የዚህ አገር በጋ ሲመጣ ግን ሁሉም ያርርባታል። ሙቀቱ ሲበርድ እንደገና ትዘራለች። ለዚህ ነው ለዘር የምትሳሳው።

ሳሙናም ትሠራ ነበር። ከድንች መጥበሻ የተረፈውን ዘይት አጥልላ፣ ኮስቲክ ሶዳ ጨምራ፣ በወተት ካርቶን አፍስሳ ታደርቀዋለች። መልኩ አያምርም፤ ያነጣው ነጠላዬ ግን ዛሬም አለ። ጎመኑን ደግሞ እዚያው ቀንጥሳ በቃሪያ ስታቁላላው፣ ሳህኑን ሳልጠርግ ተነሥቼ አላውቅም።

"አንቺ ልጅ፣ ማዳም የቀጠረችሽ ለወለሉ ነው ለእርሻ?" እላታለሁ።

"ለወለሉ ነው እትዬ። ጣሪያውን እኔ ነኝ የቀጠርኩት" ትለኛለች እየሳቀች።

የቤቱ ልጅ ሙኒራም ጣሪያው ላይ ትወጣ ነበር። ቃሪያ ቀጥፋ ትበላና እንባዋ ይወርዳል፤ እንባዋን ጠርጋ ደግሞ ሌላ ትቀጥፋለች። አንድ ቀን የተቀደደ ቀሚሷን "ለመወልወያ ይሁንሽ" ብላ ሰጠቻት። ጨርቁ ለስላሳ ነበርና ቀመር ለወለል ሳሳችለት። በትንሽ በትንሹ ቀዳ፣ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ዘሩን በያይነቱ ቋጠረችበት። እርጥበት እንዳይገባው አጥብቃ አስራ አልጋዋ ሥር አኖረችው።

ከዚያ ሙኒራ ታጨች። ሠርጉ ሲቃረብ ሰውየው ትቷት ሄደ። ልጅቷ ምግብ እምቢ አለች፤ ክፍሏን ዘግታ ዋለች፣ አደረች። ማዳም እህል ውሃ ሳትል ምክንያት ስትፈልግ አንዷ ዘመዷ፣ "የሠራተኛሽን ክፍል ፈትሺ" አለቻት። ፈተሸች። አልጋው ሥር የልጇን ቀሚስ ተቆራርጦ፣ ተቋጥሮ አገኘችው።

ያን ጁምዐ ስደርስ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈው ቋጠሮዎቹን ደርድረዋቸዋል። ቀመር ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዐረብኛዋ ለወጥ ቤት እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም።

"ሸፊቃ፣ ተርጉሚ" አለችኝ ማዳም። "ልጄን ምን አደረገቻት? ይሄ ሲሕር ነው። ፖሊስ ልጠራ ነው!"

ሲሕር ማለት ድግምት ነው። በዚህ አገር በድግምት መጠርጠር አንገት እስከ መቀላት እንደሚያደርስ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

"የጎመን ዘር ነው ማዳም። ጣሪያ ላይ ያለው፣ የምታውቂው።"

"በልጄ ቀሚስ?"

"ሙኒራ ናት የሰጠቻት።"

ሙኒራ በሩ ላይ ነበረች፤ ዓይኗ አብጧል። "ለመወልወያ ነው የሰጠኋት" አለች። እሱም እውነት ነው።

ማዳም ትንሽ ለዘብ አለች። "እንግዲያው ትፍታውና እንየው። ዘር ከሆነ ኸላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።"

"አብሽሪ ቀመር፣ ፍቺው ብቻ" አልኳት።

ቁጭ አለች። የመጀመሪያው ድንብላል ነበር። ማዳም ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ፊቷ ፈታ አለ፣ እኔም ተነፈስኩ። ሁለተኛው ጠበቀባት፣ በጥርሷ ያዘችው። የጎመን ዘር ነው፤ ገለባ ነበረበት። ቀመር መዳፏ ላይ ገለበጠችው፣ ወደ አፏ አስጠጋችው፣ እፍ አለችበት። ገለባውን ለማብረር፣ ዕድሜ ልኳን እንደምታደርገው።

ማዳም ጮኸች። "ቋጠሮው ላይ ነፋች! ዓይኔ እያየ ነፋች!"

ድግምተኛ ሴት ቋጠሮ ላይ እፍ እንደምትል ቁርኣን የቀራ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ቀመር ራሷ ከእንዲህ ያለው ክፋት አላህ እንዲጠብቃት ማታ ማታ ዱዓ ታደርጋለች። እጇና አፏ ግን ዘር ሲያዩ የለመዱትን አደረጉ። "ገለባ ነው! ወላሂ ገለባ ነው!" ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ?

የሙኒራ አባት ስማችን ይነሣል ብሎ ፖሊሱን ከለከለ። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ይመታላትና ወደ አገሯ ትሂድ ተባለ። ማዳም ግን በዚያ አልበቃትም፤ አትክልቱን በራሷ በቀመር እጅ አስነቀለቻት። ጥቁር ፌስታሉን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ቃሪያው ገና አበባ ነበር። ሳሙናው ሳይቀር ቆሻሻ ገባ። ሙኒራ ያን ቀን ወደ ጣሪያው አልወጣችም። ቀመር አላለቀሰችም፤ "ፌስታሉን ከፈት አርጊልኝ እትዬ" ብቻ ትለኛለች።

ባለፈው ክረምት ሐይቅ ደወልኩላት።

"ዝናቡ እንዴት ነው? ምን ዘራሽ?"

"ምንም። ጎመን ከገበያ እገዛለሁ።"

"አንቺ? ጎመን ትገዢያለሽ?"

"ጎረቤቶቼ ዘር ይሰጡኛል፤ አልቀበልም። ዘር ሲቋጥሩ ካየሁም ወደ ቤት እገባለሁ። ተዪው እትዬ፣ ከገበያውም አይከፋም።"

እሷ ስለ መሐመድሰዒድ ወገብ ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው አልኳት፣ ዘጋነው።