ሳይጠፋ የተሰካው ገመድ

አሶሳ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ዲሽ ሠራተኛው ሪሲቨሩን ሳያጠፋ ገመዱን ሊሰካ ሲል እጁን ያዝኩት።

"ምንም አይሆንም" አለኝ።

እኔ ግን ሶኬቱን ነቀልኩ። ምንም ሳይቃጠል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

ሆሞሻ ውስጥ ተማሪ ሳለሁ፣ ድባጤ ላይ ሰው እየተገደለ ነው በተባለ ሰሞን፣ ታላቅ ወንድሜ ሐሚድ እዚያው ድባጤ ልብስ ይሸጥ ነበር። ስንደውልለት ስልኩ አይሠራም። አያቴ መስገጃቸውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንጥፈው ዜና ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ዜና አንባቢው ድባጤን ሲጠራ ምስሉ ተቆራረጠ። ከሪሲቨሩ ጀርባ ያለው ገመድ ላልቷል። አባቴ ነቀለውና መልሶ ከመሰካቱ በፊት ሪሲቨሩን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

"ተው፣ አታጥፋው" አሉት አያቴ። "ተመልሶ እስኪነሳ ዜናው ያልፈናል።"

አባቴ እንደበራ ሰካው። ብልጭ አለ፤ ከሪሲቨሩ ጭስ ወጣ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

አያቴ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ "መጨረሻ ላይ ምን አሉ?" ብለው ጠየቁ።

"ድባጤ ሲሉ ብቻ ነው የሰማሁት" አለ አባቴ።

ሐሚድ አልተመለሰም። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ፣ ያን ዕለት ዜና ያየ ሰው ባገኙ ቁጥር ያንኑ ይጠይቁ ነበር።

"ጨርሻለሁ፣ አብራው" አለኝ ሠራተኛው።

ሶኬቱን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።