ሰኮሩ ላይ ያላቆምንላቸው ሰው

ባለቤቴና እኔ ጂማ፣ ጊንጆ ውስጥ ትንሽ የአትክልት መሸጫ ነበረችን። ሽንኩርቱንም፣ ቲማቲሙንም፣ ማንጎውንም የምናመጣው ከጊቤ በረሃ ነው፤ የምናመጣውም የሰው መኪና እየለመንን ነበር። ሹፌሩ የተሻለ ጭነት ካገኘ የእኛን ቲማቲም መንገድ ዳር አውርዶት ይሄዳል። ፀሐይ ላይ ውሎ ጂማ ሲደርስ ግማሹ ውኃ ሆኗል።

"የራሳችን መኪና ከሌለን ይሄ ሥራ ሥራ አይደለም" ይል ነበር ባለቤቴ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዲስ መኪና ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ መለዋወጫ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ቢላክም አይገኝም። ስለዚህ ያገለገለች፣ ግን ያልደከመች ፒክአፕ መፈለግ ጀመርን። ፍለጋችን ሲሰማ ሰፈርተኛው ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ "ጭሷን እይ፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች" ይላል። ሌላው "ጠዋት ሳትሞቅ አስነሷት፣ የሞቀች መኪና ሁሉ ደኅና ናት" ይላል። የባለቤቴ የልብ ጓደኛ፣ እዚያው ጊንጆ ጋራዥ የነበረው መካኒክ ግን "መኪናውን ከማየታችሁ በፊት ባለቤቱን እዩ" አለን። "ማን ነዳት? ምን ጫነባት? ለምንስ ይሸጣታል? ይህን ከሰማችሁ በኋላ እኔ ሞተሩን አያለሁ።"

አንድ ደላላ ሰኮሩ ላይ አንዲት ፒክአፕ መኖሯን ነገረን። ሦስታችን፣ ባለቤቴ፣ መካኒኩና እኔ፣ በአውቶቡስ ሄድን፤ ደላላው እዚያ ጠብቆ ወደ ባለመኪናው ግቢ ወሰደን።

የመኪናዋ ባለቤት በቡና ንግድ የኖሩ ሙስሊም አዛውንት ነበሩ። ቡናው ወደ መንግሥትና ወደ ማኅበር ከዞረ ወዲህ ሥራቸው ተመናምኗል። መኪናዋን ይነዳ የነበረው አንድ ወንድ ልጃቸው ነው፤ እሱም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል።

"ከሄደ ጀምሮ እዚህ ቆማለች" አሉን፣ ግቢያቸው ውስጥ ከዋንዛው ሥር ያለችውን ፒክአፕ እያሳዩን። "እኔ መንዳት አልችልም። ቆማ ስትበሰብስ ከማይ፣ ሠርቶ የሚበላባት ይውሰዳት አልኩ።"

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፣ አስነሥቶ ጭሷን አየ። አዛውንቱ አጠገቡ ቆመው ሳይጠየቁ ጉድለቷን ይነግሩት ጀመር። ሁለተኛ ማርሽ ይዘላል፣ ዳገት ላይ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። የቀኙ በር ከውስጥ አይከፈትም። ዝናብ ሲመጣ መጥረጊያው እንዳሻው ነው።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ "እንዲህ የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም" አለኝ።

"ሌላስ አባባ?" አለ መካኒኩ። "ከነዚህ ሌላ ማወቅ የሚገባኝ ነገር አለ?"

አዛውንቱ መሬት መሬቱን አዩ። ደላላው ሳል ሳል አለ።

"ሌላማ… ያው መኪና ናት" አሉ።

ገዛናት። ልንወስዳት በሄድንበት ቀን የአዛውንቱ ሚስት ጋቢናዋን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ ደረስን። ከወንበሩ ኋላ አንድ ቡናማ የወንድ ሹራብ አወጡ፤ አጣጠፉት፣ ብብታቸው ሥር ይዘውት ወደ ቤት ገቡ። እኔ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ግን የሰው ቦታ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ከግቢው ስንወጣ ዞሬ ማየት አልቻልኩም።

መኪናዋ ግን መኪና ነበረች። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሣለች። በየሳምንቱ ወደ ጊቤ እንወርዳለን፤ ሽንኩርቱን ጭነን፣ ከላዩ ላይ ገበያ የሚሄዱ ሴቶችን ጨምረን እንመለሳለን። ኬላ ላይ ፈታሾቹ ቡና ደብቀን እንደሆነ ለማየት ጆንያችንን በብረት ይወጉታል፤ ሽንኩርት ብቻ ሲያገኙ ይለቁናል። ቤታችን ቀና አለ። ባለቤቴ ማታ ማታ መኪናዋን እንደ ፈረስ እየዞረ ይዳብሳት ነበር።

አንድ ቀን በሰኮሩ ስናልፍ አዛውንቱን መንገድ ዳር አየናቸው። እጃቸውን አነሡ። ባለቤቴ ጥሩንባ ነፍቶ ሰላምታ ሰጠና አለፈ።

በሚቀጥለው ሳምንትም ቆመው ነበር። አሁን ሁለት እጃቸውን ነው የሚያውለበልቡት። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ደላላው ሱቃችን መጥቶ "ሽማግሌው በመሸጣቸው ተጸጽተዋል ይባላል፤ ልጁ ሊመጣ ነው አሉ" ብሎን ነበር። ባለቤቴ አያቸው፤ እኔም አየኋቸው። ከዚያ ማርሽ ጨመረና ነዳ።

"ለምን አታቆምም?" አልኩት።

"ቆሜስ? መልሱልኝ ሊሉኝ ነው። እሺ ብል በምን እንበላለን? እምቢ ብል ደግሞ በሽማግሌ ፊት እንዴት እምቢ እላለሁ?"

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት እኔም መኪናዋን መመለስ ስላልፈለግሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰኮሩ ስንቃረብ ወሬያችን ይቆማል። እሱ መንገዱን ብቻ ያያል፤ እኔ ጭኔ ላይ ያለውን ዘንቢል አስተካክላለሁ። አንድ ቀን ግን በስፖኪዮው አየኋቸው። አቧራው ውስጥ፣ እጃቸው እንደተነሣ ቀርተው ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቃችን ደጃፍ ቆመው አገኘናቸው። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። አውቶቡስ ውስጥ ሲጋፉ የመጡ መሆናቸው ከአቧራቸው ያስታውቃል። ባለቤቴ የሚመዝነውን ቲማቲም ትቶ ቆመ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"አልቀመጥም ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። የመጣሁበትን ቆሜ ልናገር። ከተናገርኩ በኋላ ተቀመጡ ካላችሁኝ እቀመጣለሁ።"

ባለቤቴ እጁን በሽርጡ ጠረገ።

"በድያችኋለሁ" አሉ አዛውንቱ። "ያቺ መኪና አንድ ጊዜ ቡና ጭና ከሳጃ ስትመጣ ቦይ ውስጥ ገብታ ሻንሲዋ፣ የሥር ብረቷ፣ ተሰንጥቆ ነበር። ልጄ እዚሁ ጂማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር አምጥቶ አስበየዳትና ላዩን በጥቁር ቀለም ቀባው። ያ መካኒክ 'ሌላስ' ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ ላይ ነበር። ደላላው ግን 'ይህን ከተናገሩ ማንም አይገዛዎትም' ብሎኝ ነበርና ዋጥኩት። ዐይብ፣ ጉድለት፣ ደብቆ የሸጠ ሰው በረካ የለውም። ወላሂ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሶላቴ አልጣፈጠኝም። ስታልፉ ልነግራችሁ መንገድ ዳር እቆማለሁ። አላያችሁኝም መሰለኝ።"

ባለቤቴ ቶሎ ብሎ "አዎ… አላየንዎትም" አለ።

"አቧራው ነው" አሉ አዛውንቱ። "አቧራው ሰው አያሳይም። በሉ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።"

ባለቤቴ "አፉ ብለናል" አለና ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አለ። እኔ ወንበር አቀረብኩላቸውና ወደ ጓዳ ገባሁ። ውኃ ላመጣላቸው ነበር የገባሁት፤ ቆሜ ቀረሁ።

መኪናዋን ወዲያው ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ከሥሯ ተጋድሞ ጥቁሩን ቀለም በካቻቪቴ ፈቀፈቀው። ብየዳው አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ጀምሮ ነበር። ከሥር ሲወጣ ማናችንንም አላየም።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለ። "ሞተሯ ሲያምረኝ ጊዜ ሥሯን ጎንበስ ብዬ ነው ያየሁት፤ መጋደም ነበረብኝ። በጊቤ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ…" ብሎ ተወው።

እኔ ግን ጨረስኩት፣ በልቤ። ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጠው እየዘፈኑ የሚመጡት ሴቶች ታዩኝ። ከነሱ አንዷ ጡት የምትጠባ ልጅ ይዛ ነበር የምትጓዘው። ሰውዬው ይህን ሊነግሩን ሲያውለበልቡ እኛ ማርሽ እየጨመርን አለፍን።

አዛውንቱ መኪናዋን ወስጄ ዋጋችሁን ልመልስላችሁ አሉ። ገንዘቡ አልቆባቸው ስለነበር በምትኩ ያለቻቸውን አንዲት የወለደች ላም ሊሰጡን ነው። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አልስማ ብሎ ማለ። መካኒኩም ያለ ዋጋ ሠራት፤ ወፍራም ብረት ከስንት ቦታ ለምኖ አገኘና ሻንሲውን ከሁለቱም ወገን ደገፈው። መኪናዋ ዳነች።

እኛ ግን አልዳንም። ከዚያ በኋላ በሰኮሩ ሳናቆም አናልፍም። ሻይ ቤት ገብተን አብረን እንቀመጣለን፤ ባለቤቴ ከጊቤ ማንጎ ይዞላቸው ይመጣል። እሳቸው ደግሞ ስንለያይ ሁልጊዜ "ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ ያንን ነገር አፉ በሉኝ" ይላሉ። ይህን ባሉ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። የበደልናቸው ሰው እኛን ይቅርታ ይለምናሉ።

ባለቤቴን "ወይ ንገራቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩት።

"ምን ይጠቅማቸዋል? ዝም ብለሽ ልታሳዝኚያቸው ነው።"

"እኛ ነን ያዘንን፣ እሳቸው አይደሉም።"

አንድ ቀን አሰንዳቦ ዘመድ ለመጠየቅ እንውሰድዎት አልናቸው። እሳቸው በበሩ በኩል፣ እኔ መሐል ተቀመጥኩ። ከሰኮሩ እንደወጣን፣ ይቆሙበት የነበረውን ቦታ ስናልፍ፣ አፌ ራሱ ተናገረ።

"አባባ፣ እዚህ ቆመው ሲያውለበልቡ አይተንዎት ነበር። መኪናዋን መልሱ ሊሉን መስሎን ነው ያለፍነው።"

ባለቤቴ መሪውን አጥብቆ ያዘ።

"አውቃለሁ" አሉ አዛውንቱ።

"እንዴት አወቁ?"

"ልጄ ሲመጣ የዚህችን መኪና ድምፅ ሰምቼ ነበር በር የምከፍትለት። ድምፅዋን የማላውቅ መሰላችሁ? ያላየ ሰው እንደ አመጣጡ ያልፋል። እናንተ እኔ ጋ ስትደርሱ ማርሽ ጨመራችሁ።"

"ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለምን ጂማ ድረስ መጡ?" አለ ባለቤቴ።

"የእናንተ መሸሽ የእናንተ ነው። ብየዳው ግን የእኔ ነው። እናንተ ሸሻችሁ ብዬ የእኔን ልተወው?"

ባለቤቴ መኪናዋን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። ወርዶ በፊቷ በኩል ዞረና የእሳቸውን በር ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሲይዝ አነሡት።

"አፉ ይበሉን አባባ።"

"አፉ ብያለሁ። ለዱንያም ለአኼራም፣ ለዚህም ለዚያኛውም ዓለም። አሁን ተነሥና ንዳ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው" አሉና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

ልጃቸው ከውትድርና አልተመለሰም። ስለ ሞቱም ስለ ሕይወቱም የነገራቸው የለም። እሳቸውም ደርግ ሳይወድቅ ሰኮሩ ላይ አረፉ። በዚያችው መኪና ለቅሶ ሄድን። ሚስታቸው ከግቢው በር ወጥተው ኮፈኗን በመዳፋቸው ነኩ።

ከዓመታት በኋላ ስንሸጣት ባለቤቴ ገዢውን ሁሉ ሥሯ አስተኝቶ ብየዳውን በባትሪ እያበራ ያሳየው ነበር። አንዱ "ይህን ያህል የሚያሳይ ሰው የደበቀው ምን ቢሆን ነው?" ብሎ ሳይገዛ ሄደ። ሌላው ፈርቶ ተወ። በመጨረሻ አንድ ከሰቃ የመጣ ሰው፣ አይቶም ሰምቶም፣ ወሰዳት።

ይቅር ተብለናል፤ አምናለሁ። ያም ሆኖ ያ አቧራ ውስጥ የቀረ እጅ ከዓይኔ አልጠፋም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባለቤቴ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ፣ ያን ቀን ሳያቆም ያለፈው እውነት በምን እንኖራለን ብሎ ፈርቶ ብቻ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"አይደለም" አለኝ። "መኪናዋን ወድጃት ነበር።"