በጾም የተሰቀለች ከበሮ

ቤቴ ከሐይቁ ዳር ብዙም አይርቅም። ወላጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ የሰፈሩን ሕፃናት የማውልባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ልጅ ማጫወት ማንም አላስተማረኝም፤ የወደዱትን እየደጋገምሁ ነው የለመድሁት። ከሁሉም የሚወዱት ትንሿን ከበሮዬን ነው። የጣና እርጥበት ቆዳዋን ስለሚያላላው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አወጣታለሁ፤ ወጠር ስትል ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። «ማን መጣ?» እላለሁ። ከበሮዋ የደረሰቻት ልጅ ስሟን እየጠራች ትመታለች፤ ሌሎቹ በጭብጨባ ይመልሱላታል።

አንዲት ልጅ ግን ትመታለች እንጂ አትናገርም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም። የሚያሳድጓት የእናቷ አባት ናቸው፤ ከደሴቶቹ በአንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ መሪጌታ። ሁለቴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ፤ ይኼ ነበር ስሟ። ልጆቹ ሲያጨበጭቡላት ቀና ትላለች። ሌላውን ጊዜ ሁሉ እንዳቀረቀረች ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። በዚህ ጾም ቤተ ክርስቲያን ከበሮ አይመታም፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ በቤትም ከበሮ ማሰማት ነውር ነው። እኔም ግድግዳ ላይ ሰቀልኋት።

«እትዬ፣ ከበሮም ይጾማል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ይጾማል።»

«ምን ሲበላ ኖሮ?»

«ያንተን ጥፊ» አለችው አጠገቡ ያለችው።

ተሳሳቁ። በጭብጨባ ብቻ መጫወት ጀመርን። ተራው የማትናገረዋ ልጅ ዘንድ ሲደርስ ግን እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተች። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። «እሷ ቀርታለች» አለ ያው ልጅ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። ለፋሲካ ከበሮዋን ባወርዳት እንኳ ይቺ ልጅ ላትመለስልኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አያቷ ሊወስዷት ሲመጡ በር ላይ ነገርኋቸው።

«የኔታ፣ ከበሮዋን ላውርድላት? ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«ኃጢአት ለመሸከም እንዲህ አትቸኩይ፣ ልጄ» አሉኝ። መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኛስ በጾም መቼ ዝም አልን?»

ገቡና ከልጆቹ መካከል ቁጭ አሉ። መቋሚያቸውን አስጨበጧት። በቁመት ይበልጣታል።

«ማን መጣ?» አልሁ።

ልጅቱ በሁለት እጇ አንሥታ ወለሉን መታችው፤ ሁለቴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ። አጨበጨቡላት። ቀና አለች። አያቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የሞተችው የእሳቸውም ልጅ ናት።

ሲነሡ መቋሚያውን አልለቅ አለች።

«እዚሁ ይቆይላት» አሉ።

«ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ሲቆሙ በምን ሊደገፉ ነው፣ የኔታ?»

«ግድግዳ አለ።»

በአንድ እጃቸው እሷን ይዘው፣ በሌላው አጥሩን እየተደገፉ ቀስ ብለው ወጡ። መቋሚያውን ከበሮዋ ከተሰቀለችበት ሥር አቆምሁት። በማግስቱ ልጅቱ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ገና «ማን መጣ?» ሳልል ወለሉ ሲመታ ሰማሁ።