ያልተሳለው ምላጭ

የእናቴ አርባ በወጣ ማግስት የእድሩ ሽማግሌዎች ቡራዩ ያለው ቤታችን መጡና አባቴን በቃህ አሉት። እሑድ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሰኞ የልብስ ስፌት ቤቱን እንዲከፍት ወሰኑ። ከቀብሯ ጀምሮ ያሳደገው የሐዘን ጺም ፊቱን ሸፍኖታል። ደንበኞቹም ወደ ማዶው ሰፊ መሻገር ጀምረዋል።

አባቴ እሺ አለ። ግን ፀጉር ቤት አልሄድም፣ ማሽንም ፊቴን አይነካውም፤ የምላጨው በዚያው በሚታጠፈው ምላጬ ነው፣ አለበለዚያ ከቤት አልወጣም አለ። አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። በቀብሩ ዕለት እንኳ ወንድሞቹ ደረታቸውን ሲመቱ እሱ የድንኳኑን ገመድ ሲያጠብቅ ነበር። አንድ ጠብታ እንባ አላየሁበትም። ለዚህም ተናድጄበት ነበር።

ምላጩን ከሣጥን ሳወጣው የክረምቱ እርጥበት ዝገት አስይዞታል። ስለቱን በጣቴ ብዳስሰው እንደ ማንኪያ ጠርዝ ተንሸራተተ። የምትስለውም የምትላጨውም እናቴ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቴን ቀበቶ በበሩ እጀታ ላይ አስራ ምላጩን ወዲያ ወዲህ ስትለው ድምፁን እሰማ ነበር። እንዴት እንደምታደርገው ግን ቀና ብዬ አላየሁም።

ግጥም መጻፍም ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ይህንንም ራሴ እማራለሁ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ስልኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንደ ሳሙና የለሰለሱ ድንጋዮች ደርድረዋል፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ተጠንቅቀው ያጥቧቸዋል። አንደኛው ምላጩን ድንጋዩ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ፓኬጄ አለቀ። መርካቶ ወርጄ እንደዚያ ያለ ድንጋይ አገኘሁ። ሻጩ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ በሁለት እጄ መለስኩለት።

ስመለስ አስፋልቱ ዳር በርና መስኮት የሚበይደው ልጅ ጋ ገባሁ። የበዓል ሰሞን የሰፈሩ ቢላዋ ሁሉ የሚሳለው እሱ ጋ ነው። እኛ ዘንድ ስለት ማለት የበግ ቢላዋ ነው፤ ብልጭታው ከበዛ ተሳለ ይባላል። ልጁ ምላጩን ከሚሽከረከረው ድንጋይ ጋር አገናኘው፤ ብልጭታው እስከ ጫማዬ ተረጨ።

«ብሮ፣ ይሄ አጥንት ይቆርጣል» አለኝ ኮርቶ።

እውነቱን ነው፣ ለአጥንት ይሆናል። ጠርዙ መጋዝ ሆኗል፣ ጫፉም በሙቀቱ ሰማያዊ መትቷል። አመስግኜው ወጣሁና መንገድ ላይ ራሴን ተሳደብኩ።

በመጨረሻ የደረስኩት መኪና ቀቢው ዘንድ ነው። መኪናው ቀለም ከመቀባቱ በፊት በውሃ የሚፈተግበት ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለው። ተጠቅሞበት የጣለውን ብለምነው እየሳቀ ሰጠኝ። ወረቀቱን የተሰበረ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፌ፣ የሳሙና ውሃ እያንጠባጠብኩ መፈተግ ያዝኩ። ትከሻዬ ደነዘዘ። ጥርሱ ሲጠፋ ስለቱ ይጠፋል፤ ስለቱ መጣ ስል አንዱ ጎን ይጎብጣል። ሦስት ጊዜ ልወረውረው ተነስቼ ተቀመጥኩ። አባቴ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝ።

«ግጥም ነው እንዴ የማያልቀው?»

ቅዳሜ ወደ ማታ የቀረው ቆዳ ላይ ማለስለስ ብቻ ነበር። ቀበቶው ደግሞ አባቴ ወገብ ላይ ነው። ፍታው አልኩት። ፈትቶ ሰጠኝና ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሰው ቢመጣ በምን እቆማለሁ እያለ በቤቱ ውስጥ ተንጎራደደ። ቀበቶውን በሩ ላይ አስሬ፣ በጆሮዬ የማውቀውን ያን ድምፅ እስካገኝ ድረስ ምላጩን አመላለስኩት። እሑድ ጠዋት ሳጥበው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። የታወቀኝ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሲቀላ ነው። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከገፈርሳ በኩል ወተት የሚያመጡልን፣ ሁላችንም ኦቦ ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?»፣ እንደምን አደራችሁ፣ እያሉ ከእድሩ ሽማግሌዎች ቀድመው ገቡ። እጃቸው ስለማይንቀጠቀጥ አባቴን የሚላጩት እሳቸው እንዲሆኑ ተመርጠዋል። አባቴን ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ሳሙና ቀቡት፣ ከጆሮው ሥር ጀመሩ። ጺሙ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ትንፋሼን ለቀቅኩ። ከጻፍኩት ሁሉ እንዲህ ያለ እንከን የሌለው ሥራ አይቼ አላውቅም።

ያኔ በአባቴ ጉንጭ ላይ ሳሙናውን ሰንጥቆ እንባ ወረደ። ከዚያ ሌላ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኦቦ ምላጩን አነሱ።

«ምላጩ አልተሳለም» አለ አባቴ። «ይነጫል።»

ኦቦ ፎጣው ላይ የወደቀውን፣ እኩል የተቆረጠውን ፀጉር አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። የታሰረው አውራ ጣቴ ይጠዘጥዘኛል። ጣቴን አውጥቼ ለሁሉም ላሳይ፣ ስንት መከራ እንዳየሁ ልናገር አማረኝ።

«አዎ» አልኩ። «ደህና አድርጌ አልሳልኩትም።»

«እንዲሁ እንጨርሰው» አሉ ኦቦ፣ የአባቴን አገጭ ቀስ ብለው ቀና እያደረጉ። «ትንሽ ያስለቅስሃል እንጂ ምንም አይልህም።»

አለቀሰ። ጺሙ አልቆ ፊቱ ሲታጠብም እያለቀሰ ነበር፤ ማንም ተው አላለውም።

ሰኞ ስፌት ቤቱን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ ልጄ ግጥም ይጽፋል፣ ምላጭ መሳል ግን አይችልም ይላል። የሰማው ሁሉ ይመክረኛል። አንዱማ ሞረድ ልኮልኛል። የበጉን ቢላዋ እንኳ አላምንህም የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ሁሉንም እያቃጠለኝ እቀበላለሁ።

ቅዳሜ ሲመጣ ግን ሳልጠይቀው ቀበቶውን ይፈታል። ሱሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ያቀብለኛል።

«ዛሬ እንኳ በደንብ ሳለው» ይለኛል።